የእኔ ማግኖሊያ

ነገሩ የጀመረው ከአክስቴ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ነው። አክስቴ አትላንታ ነው የምትኖረው። ጓሮዋ ውስጥ ከቤቷ ጣሪያ ያለፈ ማግኖሊያ የሚባል ዛፍ አላት። አበባው ነጭ ነው፣ የሳህን ስፋት አለው። "ሽታው ሎሚ ሎሚ ይላል" አለችኝ። የደወለችው ቅጠል እየጠረገች ነበር። ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ እንደ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም፣ ወገቤን ቆረጠኝ እያለች አማረረች። እኔ የሰማሁት ሎሚውን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ቀበና አካባቢ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ልጅ ፊት ቆምኩ።

"ማግኖሊያ አለህ?"

"አለ። ስንት ልስጥህ?"

እዚህ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን አንብቤ ነው የሄድኩት። ከዘር የበቀለ ማግኖሊያ እስኪያብብ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፤ የተዳቀለው በ2 በ3 ዓመት ሊያብብ ይችላል። "ከዘር ነው ወይስ የተዳቀለ?" አልኩት ኮራ ብዬ። ልጁ ችግኙን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማዬን አየ። "ላንተማ የተዳቀለውን ነው የምሰጥህ።" 800 ብር።

እማዬ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"ወሽመላ ገዛህ?"

"ማግኖሊያ ነው እማዬ።"

"ለጨጓራ የሚጠጣው?"

"እሱ ማግኒዥያ ነው። ይሄ ፒየር ማኞል በሚባል ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ስም የተሰየመ ነው። ሚሲሲፒና ሉዊዚያና የግዛታቸው አበባ አድርገውታል።"

"ይሁንላቸው። ቅጠሉ ግን የወሽመላ ነው።"

ለአክስቴ ደወልኩ። "ቅጠሉን ገልብጠህ አሳየኝ" አለች። ገለበጥኩት። ፊቱ አረንጓዴ፣ ጀርባው ቡናማ። "እልልል! እሱ ራሱ ነው!" አለችና ኔትወርኩ ተቋረጠ። ምናለ አንድ ደቂቃ ቢቆይ!

ከዚያ በኋላ ቤታችን ለዛፉ መኖር ጀመረ። ማግኖሊያ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ስለዚህ የእማዬ የቡና አተላ በሙሉ ወደ ዛፉ ሄደ። እንግዳ ሲመጣ "አቦሉ ለእናንተ፣ ቶናው ለእኔ፣ በረካው ለልጄ ዛፍ" ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውኃ ሊጓደልበት አይገባም፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ውኃ በፈረቃ ነው። ዛፉ በሳምንት ሁለት ጄሪካን ሲጠጣ እኔ በጆግ ታጠብኩ። እንደ ስፖርተኛ ቀልጠፍ ካሉ በአንድ ጆግ ይበቃል፣ ፀጉር ካልተነካ።

ትልቁ ጣጣ ግን ሥሩ ነው። የማግኖሊያ ሥር እንደ ገመድ እየወፈረ ከመሬቱ ፊት ሳይርቅ ወደ ጎን ይሄዳል። ሲቆፍሩትና ሲቆርጡት አይወድም። እኔም አንዲት ሚስማር እንዳትነካው ከለከልኩ።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ክረምት ላይ ወደቀ። የእድሩ ድንኳን መጣ። ልጆቹ ካስማ ሊመቱ መዶሻ ሲያነሱ ሮጬ ዛፉ ፊት ቆምኩ።

"እዚህ ጋ አይቻልም! ሥር አለው!"

"ታዲያ ይሄን ማዕዘን የት እንሰረው?"

አሸንዳው ላይ አልኳቸው። አሰሩት። ምሳ ቀረበ፣ ዝናቡም መጣ። ድንኳኑ በዚያ በኩል ውኃ እያቆረ ሆዱ እንደ እርጉዝ ላም ተንዘረጠጠ። ከሥሩ የተቀመጡት ጎረቤታችን ሻምበል ናቸው። የዶሮውን እንቁላል በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አሸንዳው ተገነጠለ። ያ ሁሉ ውኃ አንድ ላይ ወረደ። ሻምበል አልጮኹም። እንቁላሏ የሄደችበትን አቅጣጫ በዓይናቸው ተከተሉ። ከጎረሱ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይሉኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአራተኛው ዓመት ዛፉ እንቡጥ አወጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ አበባ ነው የምጠብቀው። የፈነዳው ግን የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል፣ እንደ ዘለላ የተከማቸ ነጭ ነገር ነው። ገና ልጅ ስለሆነ ነው አልኩ። የአዲስ አበባ ከፍታ ነው አልኩ። ሽታው ግን ጥሩ ነው፤ ንብ በንብ ሆነ። ይሄ ደግሞ አላማረኝም። የማግኖሊያ ዘር ንብ ምድር ላይ ሳትኖር ጀምሮ የነበረ ነው፣ ጽጌ ብናኙን የሚያመላልስለት ጥንዚዛ ነው። ስለዚህ ለጥንዚዛዎቹ ቦታ እንዲለቁ ንቦቹን በጋዜጣ ማባረር ጀመርኩ። አንዷ ከንፈሬን አገኘችው። ሦስት ቀን ሙሉ "ማግኖሊያ" ማለት አቃተኝ። እማዬ "እግዜር ገላገለን" አለች።

ከወራት በኋላ ሻምበል ቡና ሊጠጡ መጡ። ዛፉ ሥር ቆሙ፣ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቢጫ ፍሬ ቀጠፉ። ልጣጩን ላጡ፣ ጎረሱ፣ ሁለት ቡናማ ዘር መዳፋቸው ላይ ተፉ። ዘሩን በክብር እጄ ላይ አኖሩልኝ።

"ማግኖሊያህ በስሏል" አሉ።

ያን ዕለት ማታ ባትሪ ይዤ ወጣሁና የቅጠሉን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩት። የማግኖሊያ ቅጠል ጠርዙ ልሙጥ ነው። ይሄኛው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ስገለብጥ ጠርዙን አላየሁም።

አክስቴ አሁንም ስትደውል "አበበልህ?" ትላለች። ኔትወርክ ይቋረጥብኛል።

የሰፈሩ ልጆች ግን ወሬው ደርሷቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስድስት ሆነው ፌስታል ይዘው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ማግኖሊያ እንልቀም?"

በሩን ከፈትኩላቸው።

"ሥሩን እንዳትረግጡ!" ብዬ ጮህኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።