በፌስታል የያዝኩት ቡርቦን

ጋሼ ሐሙስ ማታ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ስትመጣ ያንን ውዱን ይዘህ ና። ርካሹ እኔ ጋ አለ፤ ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን።» የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ከተማ 19 ዓመት መኪና ነድተው ጡረታ ሲወጡ ሱሉልታ ቤት ሠሩ። ቡርቦን የሚባለውን የአሜሪካ የበቆሎ ውስኪ እዚያ ለመዱ፣ እኔንም አስለመዱኝ። ውዱ ቡርቦን ዋጋውን ያወጣል ወይስ አያወጣም በሚለው ግን ስንት በዓል ሙሉ ተከራክረን አንድም ቀን አልተስማማንም።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ከአንድ መጠጥ መደብር ዉድፎርድ ሪዘርቭ የሚባለውን ቡርቦን በ9,200 ብር ገዛሁ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ስላስለመደኝ ብዙም አልተከራከርኩም። ማሸጊያውን ገልብጬ አየሁ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ነው በገንዘቡ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይገዛ እንደነበር ትዝ ያለኝና ሆዴ የተረበሸው።

ቅዳሜ የሱሉልታ ሚኒባስ ያዝኩ። እንጦጦን ስንወጣ መስኮቱን የሚዘጋ ጠፍቶ ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ገባ፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ግን ካሰኝ። ከዚያ ቁልቁል ነው።

ሱሉልታ ወርጄ ለጋሼ ዳቦ ልገዛ አንዲት የመንገድ ዳር ግሮሰሪ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ያው ጠርሙስ ተቀምጧል። «ስንት ነው?» ስል ልጁ «7,800» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ያው ነው። ከተማ መሃል፣ ያ ሁሉ መብራትና መስታወት ባለበት መደብር፣ 1,400 ብር ትርፍ ከፍያለሁ። ሰሞኑን በሙሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ከከተማ ወጣ ሲሉ ነገር ይወደዳል ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ።

በዚያ ንዴት ባጃጅ ውስጥ ገብቼ፣ ጋሼ በር ላይ ወርጄ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣ ጠርሙሱን ከነፌስታሉ ወንበሩ ላይ ጥዬው ገባሁ። መርሳቴ የታወቀኝ ጋሼ እጄን አይተው «የታለ?» ሲሉ ነው። ሮጬ ብወጣ ባጃጁ የለም። ሰፈሩ ውስጥ ሰማያዊ ባጃጅ ስንት እንዳለ ያየ ያውቀዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል በሩ ላይ ቆሜ ራሴን ስረግም የባጃጁ ልጅ ተመልሶ መጣ። ሌላ ሰው አሳፍሮ ሩቅ ሄዶ ኖሮ፣ ፌስታሉን ሲያይ ተሳፋሪውን አድርሶ ነው የመጣው። ከጓደኛው ጋር በኦሮምኛ እያወራ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «ከባድ ነው፣ እንዳይሰበር ብዬ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት» አለኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ብዙ አስለመነኝ፤ በመጨረሻ 200 ብር ኪሱ ከተትኩለት። ጠርሙሱ ስንት እንደሚያወጣ ልነግረው አፈርኩ።

ጋሼ ከምሳ በኋላ መለኪያዎቹን ደረደሩ። ከእያንዳንዱ ሥር በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ወጣ እንድል አዘዙኝ። የእሳቸው ርካሽ ጂም ቢም ነው፤ 4 ዓመት በርሜል ውስጥ የተቀመጠ፣ 40 በመቶ አልኮል። የእኔው 45.2 በመቶ ነው። ጎረቤታቸው እማማም ተጠርተው መጡ። ለበዓል ዳግም አረቄ የሚያወጡ እናት ናቸው፤ የሳቸውን አረቄ የሚወስድ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል።

ውሃ ሳይነካው ሦስታችንም ለየነው። ውዱ አፍ ውስጥ ቶሎ አይጠፋም፤ ጣፋጭነቱ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ከኋላው የቅመም ትኩሳት አለው። ርካሹ ጥሩ ነው፣ ግን እንደገባ ይሄዳል። እማማ ሁለቱንም አሸተቱና ውዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ይሄ ጋኑ በደንብ የታጠነ ነው» አሉ።

እኔ ደነገጥኩ፤ ጋሼም ቀና አሉ። ቡርቦን የሚቀመጥበት በርሜል እኮ አዲስ የኦክ እንጨት መሆን አለበት፣ ውስጡም ከሰል እስኪመስል በእሳት መለብለብ አለበት፤ የአሜሪካ ሕግ ነው። ቀለሙም አብዛኛው ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ቀለም ወይም ማጣፈጫ መጨመር አይፈቀድም። እማማ የጠላ ጋን በወይራ ሲያጥኑ የኖሩ ሴት ናቸውና ማንም ሳይነግራቸው አፍንጫቸው አገኘው። ከምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። 72 በመቶ በቆሎ፣ 18 በመቶ ራይ የሚባል የስንዴ ዘመድ፣ 10 በመቶ የገብስ ብቅል አልኳቸው። «ብቅል አለበት?» ብለው ደስ አላቸው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ቡርቦንን እንደ ባዕድ መጠጥ ማየት ትቻለሁ።

ጋሼ ግን ገና አልተረቱም። በሁለተኛው ዙር በረዶና ውሃ ጨምረው ቀዱ። እዚህ ላይ እኔ ተሳሳትኩ፤ እሳቸውም ተሳሳቱ። እማማ ብቻ ለዩት፣ እሳቸውም እያመነቱ።

ስለዚህ አሁን አቋሜ ይሄ ነው። በበረዶ ወይም በለስላሳ ለሚጠጣ ሰው ውዱን መግዛት ገንዘብ መድፋት ነው፤ ርካሹ ይበቃዋል። ንጹሁን ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ያወጣል፣ ምክንያቱም የሚከፈለው ለሚታወቅ ነገር ነው። አንድ በርሜል ለቡርቦን የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው፤ በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ ከውስጡ እየተነነ ይጎድላል። የአልኮሉም መጠን ጣዕሙን ይሸከመዋል። ከዚህ በላይ ያለው፣ ሳጥኑና ቡሹ ያማረ፣ ፈልጎ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ብቻ ዋጋው እጥፍ እጥፍ የሚሄደው ጠርሙስ፣ እሱን እኔ አልገዛም። ጋሼ «ሉዊቪል እያለሁ ይሄን በስንት እንደምገዛ ብታውቅ ታለቅስ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ከምንከፍለው ትልቁ ክፍል የጉዞው፣ የቀረጡና የምንዛሪው ነው፤ የመጠጡ አይደለም።

ሌሊቱ መጥፎ ነበር። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውልኝ እግሬ አልሞቅ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጅብ ከአጥሩ ጀርባ ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰለት፤ እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም። የለመድኩት የሙዚቃና የመኪና ጩኸት ነው፣ እሱ ያስተኛኛል።

እሑድ ጠዋት እማማ በውሃ ፕላስቲክ ዳግም አረቄ ሞልተው ሰጡኝ። ዋጋውን ጠየቅሁ፤ «ለጋሼ የወንድም ልጅ አልሸጥም» አሉ። ሲሦ ያህል የቀረውን ቡርቦን እሳቸው ጋ ተውኩት። ጋሼ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ለወንድሜ ሽምግልና ግንቦት ላይ አንድ ጠርሙስ ያስፈልገናል፤ ከዚያች ከሱሉልታዋ ግሮሰሪ ነው የምገዛው። ለልጁም ነግሬው ነው የመጣሁት።