የአባቴ ቮልስ ከ11 ዓመት በኋላ

አባቴ የእጅ ፍሬኗን ስቦ ከጓሮ ካቆማት 11 ዓመት የሞላት ቮልስ ዛሬ ድምፅ አሰማች። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ባለ 1300 ሞተር ናት፤ የዚያ ዓመት ቮልሶች አብዛኞቹ ገና በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለነበሩ ከሁሉ በፊት ያንከራተተኝ የባትሪ ፍለጋው ነው።

መቸኮሌን አልክድም። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መካኒክ «ገፍተን እናስነሳት» ሲለኝ ጎረቤት ልጠራ እስከ በር ሄጄ ነበር። ዛሬ የመጡት የአባቴ የድሮ መካኒክ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ልጄ፣ ይቺ ውሃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። መጀመሪያ የነፋሱን መንገድ እንይ» አሉኝ። ካርቡሬተሩንና ዲናሞውን ፈትተው የቬንቲላተሩን ቆርቆሮ ቢያነሱት አይጥ ጎጆዋን ሠርታበታለች፤ ጎጆው የተጎነጎነው ከሾፌሩ መቀመጫ በተመዘዘ ሻካራ ፀጉርና በተቦጫጨቀ ፌስታል ነበር። ያንን ሳናወጣ ብናስነሳት ኖሮ ሲሊንደሮቹ ነፋስ አጥተው ይግሉ ነበር፤ ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ስለሌላት ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሎ እስኪቆም ድረስ የሚያውቅ አይኖርም።

አራቱን ካንዴላ ከፈቱ በኋላ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉና፣ ዘይቱ ወደ ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኖቹን ወደ ከበቡት ቀለበቶች፣ እስኪደርስ እናቴ ያፈላችውን ቡና ጠጣን። ዲናሞው ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን በእጅ እንዳዞር 21 ቁልፍ አስጨበጡኝ፤ የዲናሞውን ዳዶ ስስበው መጀመሪያ እንደ ግንድ እንቢ አለኝ፣ ሁለተኛ ስስበው ሩብ ዙር ያህል ዞረና ከካንዴላው ቀዳዳ የታፈነ አየር እፍ ሲል ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ይህችን ቅጽበት ከማስነሳቱ አስበልጣለሁ።

ከፊት ከታንከሩ የቀዳነው ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸት ነበር፤ ሞተሩ አጠገብ ያለችው የቤንዚን ጎማም ጎንበስ ሲያደርጓት ተሰነጠቀች። ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ስለምታልፍ፣ ብዙ ቮልስ ያነደደች እሷ መሆኗን ነገሩኝና አዲስ አስገዙኝ።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች፤ የጠጣችው ዘይት ግቢውን በነጭ ጭስ ሞላው። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ቆመች፣ አልገባችምም። ማርሽ አስገብቼ ፍሪስዮኑን ቀስ ብዬ ስለቀው ግን ቮልሷ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። የእጅ ፍሬኑን ባወርደውም የኋላው የግራ ጎማ የፍሬን ሸራ ከከበሮው ጋር ተጣብቋል። አባቴ የሳበው እንደሳበው ነው። ጎማውን ለመፍታት ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል።