"ቀላሉን መረጥኩልሽ"

የእህቴ ባል ሾትገን (ብዙ የእርሳስ ፍሬ ባንዴ የሚተፋ የአደን ጠመንጃ) የሚመርጠው እንደ ሻንጣ በእጁ እያንጠለጠለ ነው። አንዱን አንስቶ ሌላውን እያስቀመጠ፣ በመጨረሻ 2.5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ባለ አንድ አፈሙዝ 12 ጌጅ ገዛላት (ጌጅ የቱቦው ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይሰፋል)። "ቀጭን ስለሆንሽ ቀላሉን መረጥኩልሽ!" ጥይት ላይ ግን አልቆጠበም፤ 1 ከሩብ አውንስ (35 ግራም ገደማ) እርሳስ የሚተፋ፣ ትልልቅ ወፍ ማደኛ።

እህቴ 50 ኪሎ ብትሞላ ነው። ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ካለ ተኩስ ሜዳ ወስደናት የዒላማው ሸክላ ዲስክ ተወነጨፈ፣ ምላጩን ሳበች። ዲስኩ በሰላም መንገዱን ቀጠለ። እሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ። አፈሙዙን ከሜዳው ሳታነሳ (ይሄን አድንቄላታለሁ) አንገቷን ብቻ አዙራ፦

"ይሄ ነው ቀላሉ?"

ባልየው ወደ እኔ አየ። ምን ላድርገው? ያው ጥይት ከ3.5 ኪሎ ጠመንጃ ይልቅ ከ2.5 ኪሎው ሲተኮስ፣ ወደ ትከሻ የሚመለሰው ጉልበት በ40 በመቶ ይበልጣል። ርግጫውን የሚውጠው የብረቱ ክብደት ነው። ለቀጭን ሰው ቀላል መሆን ያለበት ጥይቱ ነው እንጂ ጠመንጃው አይደለም!

ሌላው ጣጣ የሰደፉ ርዝመት ነበር። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለረጅም ወንድ የተሠራ። ለእሷ 33 ይበቃ ነበር። ሰደፍ ሲረዝም እጅ ይለጠጣል፣ ወገብ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ሰደፉም ተንሸራቶ ክንድ ላይ ያርፋል። በማግስቱ ክንድ የሚበልዘው ለዚህ ነው። ጉንጭ የሚመታውም ጭንቅላት ከሰደፉ ላይ ቀና ሲል ነው።

የእኔን ሰጠኋት፦ 3 ኪሎ የሚሞላ፣ በጥይቱ ጋዝ የሚሠራ ከፊል አውቶማቲክ 20 ጌጅ፣ አጭር ሰደፍ፣ ጫፉ ላይ ወፍራም ላስቲክ። ጥይቱ 7/8 አውንስ፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ። መጀመሪያ ሰደፉን ጉንጯ ላይ፣ ከዚያ በደረቷና በትከሻዋ መገጣጠሚያ መካከል ካለችው ጎድጓዳ ውስጥ አስገባች። ቀኝ ክርኗን ከፍ ስታደርግ ጎድጓዳዋ ራሷ ትወጣለች። የጡት መያዣ ማንጠልጠያ ብረቱን አስቀድማ ወደ ጎን ገፋችው። ግራ እግር ወደ ፊት፣ ጉልበት ዕጥፍ፣ ክብደቷ ከፊተኛው እግር ላይ። ሰደፉን ጠበቅ ማድረግ ግድ ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ግፊቱ ቡጢ ይሆናል።

ዲስኩ ተበተነ።

ባልየው ደስ ብሎት ጥይቶቹን ባንድ ኪስ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት። ቢጫዎቹ የ20 ጌጅ ናቸው። አንዷ ተሳስታ 12 ጌጅ ውስጥ ከገባች ቱቦው ውስጥ ወርዳ ትሰነቀራለች፤ ከኋላዋ የ12 ጌጅ ጥይት ከተተኮሰ ቱቦው ይፈነዳል። ቀለማቸው የተለየውም ለዚሁ ነው።

"የራስህን ተኩስ" አለችው እህቴ፣ ቀላሉን እያቀበለችው። የቀረው ካርቶን ሙሉ ጥይት ነበር። ሦስት ያህል ተኮሰና "ውሃ ላምጣላችሁ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።