ቴሌስኮፑ ሲሠራ እኔ እተኛለሁ

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሲመሽ የመመልከቻ ክፍሉን ጣሪያ ከፈትኩ፣ የካሜራውን ማቀዝቀዣ አበራሁ፣ ፎከሱን አስተካከልኩ። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ኮከቦቹ ሳይጎተቱ ክብ ሆነው ሲወጡ አየሁና ወደ ቤት ገባሁ። ይህን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ቴሌስኮፑ ከግድግዳው ማዶ አንድሮሜዳ ጋላክሲን እየተከተለ በየአምስት ደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳል። ደመና ከመጣ ጣሪያው ራሱን ይዘጋል። ሲነጋም ቴሌስኮፑ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። እኔ የቀረኝ ነገር ቢኖር መተኛት ነው።

ሰሞኑን ታዲያ አንድ ሐሳብ አልለቀኝ ብሏል፦ እኔ ተኝቼ የተነሳ ፎቶ የእኔ ነው ወይ?

ክፍሉ ከመሠራቱ በፊት ይህ ጥያቄ አልነበረም። ሰማይ በጠራ ቁጥር ባትሪውን፣ ክብደቶቹን፣ እግሮቹን ተሸክሞ መውጣት፣ በጨለማ ገመድ መቀጠል፣ ቴሌስኮፑን የሚያዞረው ማሽን የሚዞርበትን ዘንግ ከሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ከሚዞርበት ነጥብ ጋር ማስተካከል፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ ሁሉንም መልሶ መፍታት ነበር። ብዙ ጥሩ ሌሊት ገና ሥራው ሳይጀመር በዝግጅት ያልቅ ነበር። አሁን ማሽኑ የሚቀመጥበት ምሰሶ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ተተክሏል፤ ሰው ሲራመድ ንዝረቱ እንዳይደርስበት ከክፍሉ ወለል ጋር አይነካካም። ዘንጉ አንዴ ተስተካክሏል፣ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ቋሚ ክፍል ያለው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ ከቴሌስኮፑ ትልቅነትም ይበልጣል።

ዘንጉን የምንጨነቅበት ምክንያት ቀላል ነው። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። ይህ ማለት ሰማዩ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል (አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 1/3600 ነው)። በእኔ ካሜራ አንድ ፒክስል የሚሸፍነው አንድ ተኩል አርክ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ሞተሩ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ቢቆም ኮከቡ በርካታ ፒክስል አቋርጦ ይሄዳል። ሞተሩ ባይቆምም የማርሾቹ ጥርሶች ፍጹም አይደሉም፤ ማሽኑን ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። ስለዚህ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ አንድ መሪ ኮከብ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ኮከቡ ፈቀቅ ማለት አለማለቱን እያየ ማሽኑን ያርማል።

ድሮ ይህ የትንሹ ካሜራ ሥራ የሰው ሥራ ነበር። ሄንሪ ድሬፐር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 ከግል መመልከቻው ሆኖ ኦሪዮን ኔቡላ የተባለውን የጋዝና የአቧራ ደመና ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ አነሳ፤ ፎቶው በሚቀረጽበት መስታወት ላይ ብርሃን ያረፈው ለ51 ደቂቃ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው አንድሩ ኤንስሊ ኮመን፣ ሙያው የውኃና የፍሳሽ ምህንድስና ሆኖ ሳለ፣ ለንደን አጠገብ ኢሊንግ በሚገኘው ጓሮው ባቆመው 36 ኢንች ቴሌስኮፕ ያንኑ ኔቡላ አነሳ። የእሱ ፎቶ ዓይን በቴሌስኮፕ እንኳ የማያያቸውን ኮከቦች አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1884 የብሪታንያ ንጉሣዊ አስትሮኖሚ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያውን ሰጠው። በዚያ ዘመን ፎቶ አንሺው በብርድ ቆሞ፣ ዓይኑን ከመሪው ኮከብ ሳይነቅል፣ ኮከቡ በሸሸ ቁጥር በእጁ እየመለሰ ነው የሚያድረው። እነዚያ ሰዎች «ፎቶው የእኔ ነው» ሲሉ ማንም አይከራከራቸውም። እኔ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ።

ያም ሆኖ ባሰብኩት ቁጥር ሥራዬ ከሌሊት ወደ ቀን ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት የሚጠብቀኝ አንድ ፎቶ አይደለም፤ ክምር ነው። አንዱን ብቻ ቢያዩት ግራጫ መሬት ላይ የተበተነ ነጠብጣብ ነው፣ ጋላክሲው ከመሃል ደብዝዞ ይታያል። ክምሩን አንድ በአንድ እንደ እህል እለቅማለሁ። ቀጭን ደመና ያለፈበት ይወጣል። አየሩ ተረብሾ ኮከቡ ያበጠበትም ይወጣል። የሳተላይት መስመር ያለበትን ግን አልጥለውም፤ ፎቶዎቹ ሲደራረቡ ሶፍትዌሩ በአንዱ ብቻ የታየውን ብሩህ መስመር ከሌሎቹ ጋር አመዛዝኖ ያስወግደዋል።

የመደራረቡ ሒሳብ ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ከብርሃኑ ጋር ሲወዳደር ሁከቱ፣ ማለትም ፎቶውን የሚያሻክረው የዘፈቀደ ነጠብጣብ፣ የሚቀንሰው በፎቶዎቹ ብዛት ካሬ ሥር ልክ ነው። የአንድ ሰዓትን ሥራ በእጥፍ ለማጥራት አራት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ያንን እንደገና በእጥፍ ለማጥራት አሥራ ስድስት። አራት ሰዓት ላይ ውብ ነገር ይወጣል፣ ሰውም «በቃ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ሌሊት የሚያመጣው ለውጥ ያነሰ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያለችው ደብዛዛ የጋላክሲው ክንድ የምትገለጠው ግን እዚያ ነው። የት ላይ እንደማቆም ማሽኑ አይነግረኝም።

ፎቶዎቼን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቀለሙ እውነት ነው?» ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ግን ዓይን አያየውም። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይናችን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ስለዚህ የኦሪዮን ኔቡላ በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ ለአብዛኛው ሰው ግራጫ ወይም ትንሽ አረንጓዴ ያዘለ ጭጋግ ነው። ሃይድሮጅኑ ግን በ656.3 ናኖሜትር ቀይ እያበራ ነው፣ ኦክስጅኑም በ500.7 ናኖሜትር አረንጓዴ ሰማያዊ። እኔ አልቀባሁትም። ምን ያህል እንደማደምቀው የምወስነው ግን እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ ስግብግብ መሆን ቀላል ነው። ኔቡላውን እንደ ኒዮን መብራት የሚያስጮኹ ፎቶዎችን አልወድም፣ የራሴንም ጨምሮ።

ነቅቶ ማደር ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አርጀንቲናዊው ቪክቶር ቡሶ እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2016 ሮዛርዮ ከተማ ውስጥ አዲስ ካሜራ ሊሞክር ኤንጂሲ 613 የተባለውን ጋላክሲ አከታትሎ ሲያነሳ፣ ቀድሞ ባዶ የነበረ ቦታ ላይ አንድ ነጥብ እየደመቀች መጣች። የሚፈነዳ ኮከብ የመጀመሪያ ብልጭታ ነበረች፤ ባለሙያዎች ዕድሜ ልካቸውን ቢጠብቁ የማያገኟት ዓይነት። ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያሳተመው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ፎቶዎቹን በዚያው ሌሊት ባያስተውል ኖሮ ሌሎች ቴሌስኮፖች ቶሎ ወደዚያ ባልዞሩ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሌላው ታሪክ ነው። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ያለች፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ፎቶ ከተነሱት የሰማይ አካላት አንዷ ናት። ምን አዲስ ነገር ይቀራታል? ማርሴል ድሬክስለር፣ ዛቪዬ ስትሮትነርና ያን ሴንቲ የተባሉ አማተሮች የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ፊልተር ለብዙ ሰዓት ሲያነሷት ከአጠገቧ ትልቅ ቅስት ወጣ። ርዝመቱ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት በብዙ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከባለሙያዎች ጋር አሳተሙት። ቅስቱ እስከዚያ ያልታየው በጣም ደብዛዛ ስለሆነ፣ በዚያ ብርሃንም ሰፊ ቦታ ይዞ ያን ያህል ሰዓት የታገሰ ስላልነበረ ነው። እዚያ ያበቃቸው አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሱ ሰዓት ማከማቸት ነው። ያን ደግሞ የሚተኛ ሰውም ይችላል።

ዛሬ ማታ ፊልተሩን ወደ ኦክስጅን ያዞርኩት ለዚህ ነው። ያንን ቅስት በራሴ ካሜራ ማየት እፈልጋለሁ። ጨረቃ የኦክስጅኑን ፊልተር ከሃይድሮጅኑ የበለጠ ስለምትጎዳው ለኦክስጅን ጨረቃ የሌለባቸውን ሌሊቶች እሰጣለሁ፤ ጨረቃዋ ስትገፋ ወደ ሃይድሮጅን እመለሳለሁ። የዘንድሮው ሰዓት እንደማይበቃ ከአሁኑ ይታየኛል። ምሰሶው የትም አይሄድም፤ አንድሮሜዳ በሚመጣው ዓመት ስትመለስ በዚሁ ክምር ላይ እጨምርበታለሁ።