ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፎቶዎች

ኦሊምፐስ ፔን ኢኢ-3 ካሜራዬን መጀመሪያ ዓይኔ ላይ ሳደርገው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ካሜራውን አግድም ይዤው ሳለ በመስኮቱ የሚታየኝ ምስል ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ለካስ የግማሽ ፍሬም ካሜራ ጠባዩ ይኸው ነው፤ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነውን የተለመደ ፍሬም ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ፎቶ 18 በ24 ላይ ያሳርፋል። በዚህም 36 ፎቶ የሚያወጣው ጥቅል 72 ይሰጣል። የኦሊምፐሱ መሐንዲስ ዮሺሂሳ ማይታኒ የመጀመሪያውን ፔን ነድፎ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ትልቁ ማባበያው ይህ ቁጠባ ነበር።

ካሜራው ባትሪ የለውም። በሌንሱ ዙሪያ ካለው መስታወት ሥር ያለው ሴሌኒየም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቁስ፣ ብርሃኑን ይለካል፤ ብርሃን ካነሰ በመስኮቱ ቀይ ምልክት ብቅ ይልና ቁልፉ አልጫን ይላል። አሮጌ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ፊልም ሳታስገቡ ሞክሩት። ሌንሱን በመዳፍ ሸፍናችሁ ስትጫኑ ቀዩ መውጣት አለበት፤ ደማቅ ብርሃን ላይ ደግሞ መውጣት የለበትም። በጠራራ ፀሐይ ከወጣ መለኪያው ሞቷል ማለት ነው። ያኔም ካሜራው አይጣልም፤ ቀለበቱን ከአውቶማቲክ አውጥቶ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ስፋት በእጅ መምረጥ ይቻላል። ያኔ የመዝጊያው ፍጥነት 1/40 ሰከንድ ላይ ስለሚቆይ፣ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 100 የሆነ ፊልም ይዤ ፀሐይ ላይ ስወጣ ቀዳዳውን በጣም ጠባቡ ቁጥር 22 ላይ አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥቅሌ ያሳዘነኝ ግን በብርሃን አይደለም። አያቴ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ጣቶቿን ለማንሳት ተጠግቼ ነበር፤ ጣቶቿ ደብዝዘው ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ጠርቶ ወጣ። ሌንሱ ርቀት አይስተካከልበትም፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ካልራቁለት አያጠራም። አሁን ሁለት ሰፋፊ እርምጃ ወደ ኋላ ሳልል አልጫንም። ፍሬሙ ትንሽ ስለሆነ ፎቶው ሲተልቅ የፊልሙ ቅንጣት ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ ከቤት ውጭ አይኤስኦው ከ200 በላይ የሆነ ፊልም አልጠቀምም።

ፊልሙን ያጠበልኝ ቤት ሁለት ሁለቱን ፎቶ እንደ አንድ አድርጎ ስካን አደረገልኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ቆይቼ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። በሩና በሩ ላይ የቆመው ሰው፣ መንገዱና የተጓዡ ጫማ ጎን ለጎን ሆነው ይነጋገራሉ! ከዚያ ወዲህ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ማሰብ ጀመርኩ። ይህም ወጥመድ አለው፤ ቆጠራው በአንድ ከተዛባ ጥንዶቹ ሁሉ ይፈርሳሉ። ስለዚህ አንድን ነገር ሦስት አራት ጊዜ አከታትዬ አነሳለሁ፤ ከየትም ቢቆረጥ ጎረቤቱ ዘመዱ ይሆናል።

ባለፈው ወር ወደ አያቴ ተመልሼ መርፌውን ከሁለት እርምጃ ርቀት አነሳሁት፣ ቀጥዬም መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀመጠችውን መነጽር። ሁለቱን በመካከላቸው ካለው ጥቁር መስመር ጋር ሳልቆርጥ አሳትሜ ሰጠኋት።