የአክስቴ ልጅ ሁለት ሴናተር አላት፣ እኔ አንድም የለኝም

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድርያ ትኖራለች፣ እኔ የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ። መሐላችን ፖቶማክ ወንዝ ብቻ ነው። ባለፈው የእናቷ የቪዛ ጉዳይ ሲጓተትባት ለሴናተሯ ቢሮ ጻፈች፣ እነሱም ተከታተሉላት። እኔም የተንጠለጠለ ጉዳይ እንዳለኝ ስለምታውቅ "አንተም ለሴናተርህ ጻፍ እንጂ" አለችኝ። የምጽፍለት ሴናተር የለኝም።

ዲሲ ግዛት ስላልሆነች ሴኔት ውስጥ ወንበር የላትም። በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ አለን፣ ግን ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ሕዝባችን ወደ 700 ሺህ ይጠጋል። ዋዮሚንግ በሕዝብ ብዛት ከኛ ታንሳለች፣ ሁለት ሴናተር አላት። የፌዴራል ታክሱን ግን እኩል እንከፍላለን።

ነገሩ የመጣው ከፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 ደሞዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ውስጥ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ኮንግረስ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ከበቡ፤ የፔንሲልቫኒያ ባለሥልጣናት ሚሊሻ አንጠራም ስላሉ አባላቱ ከተማውን ጥለው ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ይሄ አልተረሳም። መንግሥት የማንም ግዛት ጥገኛ እንዳይሆን፣ ከአሥር ማይል በአሥር ማይል የማይበልጥ መሬት በኮንግረስ ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። እዚያ መሬት ላይ የሚኖረውን ሰው ኮንግረስ ውስጥ ማን ይወክለዋል የሚለውን ግን ሳይጽፉት ቀሩ፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አሌክሳንድርያም እኮ መጀመሪያ የዲሲ አካል ነበረች! በ1846 ኮንግረስ ለቨርጂኒያ እንድትመለስ ባይወስን ኖሮ የአክስቴ ልጅም እንደኔ ትሆን ነበር።

እኛ ፕሬዚዳንት መምረጥ የቻልነው እንኳን በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የከተማችን ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል፤ በ2023 የወንጀል ሕጉን ሽሮታል። በ1978 ዲሲ ሙሉ ውክልና እንድታገኝ ኮንግረስ ማሻሻያ አሳልፎ ነበር፣ ግን 38 ግዛቶች ማጽደቅ ሲኖርባቸው በሰባት ዓመት ውስጥ ያጸደቁት 16 ብቻ ናቸው። ግዛት እንድትሆን የቀረበውን ሕግም የተወካዮች ምክር ቤት በ2020 እና በ2021 አሳልፎት ሴኔት ላይ ቀረ።

የቀረው እኛ ወንበር በሌለን ቤት ነው እንግዲህ። ስለዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለሴናተሮቻችሁ ስትጽፉ የኛንም ነገር አንሱልን። የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ጽፋለች።