ሮም ላይ ፎርጅዱን ሳታዩ እንዳትመለሱ

ሮም የሄደ ሰው ሁሉ ኮሎሲየም ጋ ፎቶ ተነስቶ ቫቲካን ተሰልፎ ነው የሚመለሰው፣ እኔ ግን ፓላዞ ማሲሞ የሚባለው ሙዚየም ግቡ ነው የምላችሁ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፣ መንገድ መሻገር ብቻ። በነገራችን ላይ ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ "የ500ዎቹ" ነው የሚባለው፣ 500ዎቹ ማለት እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፣ ስንቱ ሐበሻ እዛ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል እኮ።

ዲስከስ ወርዋሪው የሚባለው ሐውልት አንደኛ ፎቅ ነው። ዋናውን ሚሮን የሚባል ግሪካዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 አካባቢ በነሐስ ሠራው፣ እሱ ጠፍቷል፣ እዚህ ያለው ሮማውያን በእምነበረድ የቀዱት ነው። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው (እዛው ነው የሚኖረው፣ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም) "ታዲያ ፎርጅድ ልታሳዪኝ ነው ቲኬት ያስገዛሽኝ?" አለኝ።

ፎርጅዱ ባይኖር ግን ምንም አናይም ነበር። ነሐስ ይቀልጣል፣ በችግር ጊዜ መሣሪያም ሳንቲምም ይሆናል፣ የግሪኮቹ ሐውልቶች አብዛኞቹ እንደዛ ነው ያለቁት፣ እምነበረዱ ተሰብሮም ቢሆን መሬት ውስጥ ቆየ። ኔፕልስ አጠገብ ባያ የሚባል ቦታ ከነሐስ ሐውልቶች ላይ የተወሰደ የጄሶ ቅርጽ ስብርባሪ ተገኝቷል፣ ቀጂዎቹ ከዛ እየለኩ ነበር የሚጠርቡት። እግሩ ጋ ያለችውን ጉቶ እዩልኝ፣ የሚሮን አይደለችም፣ ነሐስ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በራሱ ይቆማል እምነበረድ ግን ክብደቱ ቁርጭምጭሚቱን ይሰብረዋል ስለዚህ ቀጂው ድጋፍ ጨመረ። አጠገቡ ሌላ ኮፒ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተገኘ፣ ጭንቅላት የለውም፣ ሁለቱን እያስተያያችሁ ዙሩ። ጭንቅላት ያለው በ1781 ነው የወጣው፣ በ1938 ሂትለር ገዝቶት ሙኒክ ወስዶት ነበር፣ በ1948 ተመለሰ። ለንደን ያለው ወንድሙ ደግሞ ሲጠገን አንገቱን ወደ መሬት አድርገው ገጠሙት፣ መሆን የነበረበት ወደ ዲስኩ ዞሮ ነው፣ እስካሁንም እንደዛው ነው።

ምድር ቤት ቦክሰኛው አለ፣ እሱ ነሐስ ነው፣ የግሪክ ሥራ፣ ከመቅለጥ ያመለጠ። ተቀምጧል፣ ጆሮው አብጧል፣ ደሙ በቀይ መዳብ ተሠርቷል። የአክስቴ ልጅ ዞሮ ዞሮ "አሸንፎ ነው ተሸንፎ?" አለኝ፣ እኔም አላውቅም አልኩት፣ ቲኬቱን ግን ድጋሚ አላነሳም።

በማግስቱ ቫቲካን ራሱ ነው ልሂድ ያለው። እዛ ከውድድር በኋላ ዘይትና አቧራውን በጠማማ ብረት ከክንዱ የሚፍቀው አትሌት አለ፣ ሊሲፖስ የሚባል ሌላ ግሪካዊ ቀራጺ ሥራ ኮፒ። ዋናውን የነሐስ ሐውልት ጢባርዮስ ቄሣር ወዶት ከሕዝብ መታጠቢያ አንስቶ መኝታ ቤቱ አስገባው አሉ፣ ሕዝቡ ቲያትር ቤት ውስጥ መልስልን ብሎ ቢጮህበት ጊዜ አምጥቶ መለሰ።